አንቱ የተባባልንበት በጋ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2007፣ ሰኞ፣ ሱቅ

ፀደንያ ልታገባ ነው። እኔ ሚዜ ሆኛለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እህት መሆን እንደ ውትድርና ነው፣ ስምሽ ተጠርቶ ትሄጃለሽ። ቀሚሱ የኮክ ቀለም ነው ተባለ። ኮክ እወዳለሁ፣ መብላት እንጂ መምሰል ግን አልፈልግም።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ስልኬ ላይ መጻፍ ስላስፈራኝ ነው። ጌድዮን፣ የፀደንያ እጮኛ፣ ቤታችን በመጣ ቁጥር «ፌበንዬ፣ ስልክሽን እስቲ ልየው» ይላል። የቢሮ ሰው ነው። ፌስቡክ ላይ በየቀኑ ጥቅስ ይለጥፍና ለራሱ ጥቅስ ራሱ «አሜን» ብሎ ይመልሳል። የደብተሩ ሽፋን ላይ «ኮረሪማ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሾላ ባለው የአባዬ የቅመም ሱቅ ውስጥ ኮረሪማ የሚመለከተው እኔን ብቻ ስለሆነ ማንም አይከፍተውም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ያህል፦ ፌስቡክ ላይ ለይኩን እባላለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ምክንያቱ ኳስ ነው። በፌበን ስም ስለ ኳስ አንድ ነገር ስጽፍ «አንቺ ደግሞ ኳስ ምን አገባሽ፣ ሽሮሽን አማስይ» አሉኝ። ያንኑ ቃል በቃል በለይኩን ስም ስጽፈው «አንተ ልጅ ገብቶሃል» አሉኝ። ለኳስ ብቻ ነው። ኳስ ካየሁ አምስት ወር አልፎኛል፣ ግን ለኳስ ነው።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ስለ ግሩፑ ልጻፍ። ስሙ «አንቱታ» ነው። ዝግ ነው። አሥራ አንድ ሰው ነን፤ የምንቆጣጠረው እኔና ጫልቱ ነን። ሁላችንም ወንድ ነህ ወይስ ሴት ነሽ ስንባል «ቆይ ላስብበት» የምንል ዓይነት ሰዎች ነን። አስበው የጨረሱም አሉ፤ መልሳቸውን የሚሰማ ሰው ግን ከግሩፑ ውጭ የላቸውም።

መጀመሪያ ሰሞን ተጣልተን ልንበተን ነበር። አማርኛ አንድ ሰው ውሃ ጠጣ ለማለት እንኳን መጀመሪያ ሱሪውን ገልጦ ያያል። «ደህና ነህ?» ስንል አንዱ ይከፋል፣ «ደህና ነሽ?» ስንል ሌላዋ ትወጣለች። «በቃ ሁላችንም አንቱ እንባባል» ያለችው ጫልቱ ናት። ይኸው ዛሬ ሃያ ዓመት ያልሞላን ልጆች እንደ ዕድር ዳኞች እንከባበራለን።

«አንቱ፣ ምሳ በሉ?»

«ሽሮ በላን። እርስዎስ?»

«ፈተና ወድቀን አልበላልን ብሏል።»

አንድ አባላችን በየሁለት ቀኑ ስም ይቀይራሉ። ሰኞ ካሌብ ነበሩ፣ ረቡዕ ሊዲያ ሆኑ፣ ዛሬ «ገና አልወሰንኩም» ተብለው ገቡ። ማንም አልሳቀም። ጫማ እንኳን ሳይለካ አይገዛም፣ አልናቸው።

እኔ ስሜን ቀይሬ አላውቅም። ለኳስ ስለሆነ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቤተ ክርስቲያን። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች።

«የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የባፈና ሁለተኛዋ ልጅ ናት?»

«ናት።»

«አቀማመጧን አየሽልኝ? ቁርጥ የታክሲ ሹፌር!»

ስድብ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ስብከቱን እስከ መጨረሻው ፈገግ ብዬ ሰማሁት። እማዬ «ዛሬ መንፈስ ነካሽ እንዴ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት።

ጥር 4፣ ሰኞ

ልኬት። የፀደንያ ሰፊ ሴትዮ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ እንደ ሐኪም ዞረችኝ። ደረቴ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣ ጡትሽን የት አደረግሽው?»

ሁለት ጠባብ ካናቴራ ደራርቤ ነበር። «በረደኝ» አልኩ። እኩለ ቀን ላይ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ እየጋለ። ሴትዮዋ ሳቀች። ፀደንያ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ፀደንያ ዝም ስትል ደስ አይለኝም፤ ዝም የምትለው ስታስብ ነው።

ለግሩፑ ነገርኳቸው። ጫልቱ፦ «ቀሚሱን ለእኛ ይላኩልን፣ ለእርስዎ ጥሩ ሱሪ እንሰፋለን» ብላ መለሰች። እሷ የልብስ ሰፊ ናት፣ መገናኛ አንድ ስፌት ቤት ትሠራለች። እዚያ የሚያውቋት ፉፋ በሚባል ስም ነው። ደሞ ጥሩ ወንድ ናት ይላሉ፣ ሥራ ይወዳል፣ አይጠጣም።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ዱቤ የሚባል ሰው ግሩፑ ውስጥ ልግባ ብሎ ጠየቀ። ፎቶው የጽጌረዳ አበባ ነው። ጫልቱ «አናውቃቸውም፣ ይቆዩ» አለች። ለእኔ ግን በለይኩን ስም በይፋ የጻፍኩትን ሁሉ አንብቦ «ብዕርህ ይለያል» ብሎ ጽፎልኛል። በሕይወቴ ብዕርህ ያለኝ ሰው የለም። አስገባሁት። ለጫልቱ ነገ እነግራታለሁ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ጫልቱን በአካል አገኘኋት!

ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ ተቀጣጠርን። የምትኖረው እዚያው አካባቢ ነው፣ እትዬ ታደለች ከሚባሉ ሴትዮ ግቢ፣ የኋላ ክፍል ተከራይታ። እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ትንሽ ቆይቶ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ መጥቶ አምስት እርምጃ ርቆ ቆመ። ፖሊስ ነው፣ አለቀልኝ፣ አልኩ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ።

«ሰዓት የለኝም።»

«እጅሽ ላይ ያለውስ?»

«አይሠራም» አልኩ። ቀጭ ቀጭ ሲል ለሁለታችንም ይሰማል።

ሰውዬው ላብ አጥምቆታል። ስልኩን አወጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ደወለ። የእኔ ስልክ ጮኸ።

ዞር ብላ አየችኝ። «ለይኩን?»

«ጫልቱ?»

«ውይ ፈጣሪዬ! ሰላይ መስለኸኝ ልሮጥ ነበር እኮ!»

«እኔም!»

«አንተ ነህ ለይኩን? እንዲህ አጭር ነህ እንዴ? እዚያ ላይ ስትጽፍ እኮ ሁለት ሜትር ትመስላለህ።»

በጆሮዬ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ማንበብና መስማት ይለያያል። ነፋስ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል።

አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ ሐምራዊ ሻርፕ አወጣች፣ ጃኬቷን አውልቃ ሻርፑን አሰረች፣ ሊፕስቲክ በስልኳ መስተዋትነት ተቀባች። ሲያምርባት! «በይ አትንቀሳቀሺ» ብዬ አነሳኋት። ዓይኗን ጨፍና የምትስቅበት ፎቶ ነው። «ለአንቱዎቹ ላሳያቸው?» አልኳት። አመነታች። «ለእነሱማ ምን ችግር አለው» አለች።

ጥር 10፣ እሑድ፣ ስብከት ላይ

ፎቶውን ሁሉም ወደዱት። «ገና አልወሰንኩም» «አለቀስን» ብለው ጻፉ። ዱቤም «እንዴት ያምራሉ! የት አካባቢ ነው ባሕር ዛፉ?» አለ። ኪዳነ ምሕረት ዳገት መሆኑን ነገርኩት፣ ቤቷም ቅርብ ነው ብዬ። ጨዋ ሰው ነው። አባዬ እየገላመጠኝ ነው፣ በቃኝ።

ጥር 15፣ ዓርብ

ጊዜ የለም። የጥሪ ካርድ ስናሽግ ዋልን። ጣቴ በሙጫ ተጣብቆ። እማዬ ጫማ አሳየችኝ፣ ተረከዙ ሚስማር ነው። ለጫልቱ ስለ ዱቤ ገና አልነገርኳትም። እንደ ገባ አይታለች መሰለኝ። ባታይም ምን ይሆናል።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ሆነ።

ትልቅ ገጽ ነው፣ ተከታዩ ብዙ ነው። የግሩፑን ጽሑፍ እየገለበጡ ለጥፈውታል፣ የጫልቱን ፎቶ ከላይ አድርገው። «ይህን ሰው የምታውቁት አላችሁ?» ይላል። ሥሩ «የኪዳነ ምሕረት ዳገት ነው፣ ባሕር ዛፉን እዩ» የሚል አለ። ዱቤ የለም፣ አበባውም የለም። የእኔ ፊት የትም የለም፤ ለይኩን ፊት የለውም።

ግሩፑን አጠፋሁት። አሥራ አንዱ አንቱዎች በአንድ ጣት። የጫልቱ ስልክ አይነሳም።

አንተ ደደብ። አንተ ደደብ። ብዕርህ ይለያል ስለተባልክ።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ሱቅ

ቶሎ ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አላደረግሁትም ብዬ ራሴን አሳምናለሁ።

ጠዋት የጎረቤት ሱቅ ሰዎች መጡ፣ በርበሬው ጆንያ ላይ ስልክ አስቀምጠው ተሰበሰቡ። «ፌበን፣ ነይ እዪ ጉድ!» አሉኝ። እሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና እየሳቀች። ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

ሳቅሁ።

ትንሽ አይደለም፤ በደንብ ነው የሳቅሁት። አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ይቺም እኮ ወንዳወንድ ናት፣ ተጠንቀቂ!» አለ፣ በዚያም ሳቅሁ።

አባዬ አልሳቀም። ሚዛኑን እየጠረገ ነበር። «ስልካችሁን ከበርበሬው ላይ አንሱ፣ ሰው የሚበላው ነው» አለ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ኮረሪማውን እንድለቅም ነገረኝ። የተለቀመ ኮረሪማ ነበር።

ጥር 24፣ እሑድ

ምሳ። ጌድዮን እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ጀመረ። «ያየነው ነገር ዘመኑ ማለቁን ያሳያል። እዚሁ አጠገባችን ነው አሉ፣ ኪዳነ ምሕረት!»

«የምናውቀው ሰው ነው?» አለች ፀደንያ።

«እንዴት እናውቀዋለን!»

«እንግዲያው ዶሮውን ብላ።»

ፀደንያ አልፎ አልፎ ሰው ናት።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ለሱቅ ዕቃ ላምጣ ብዬ ወጥቼ ወደ ዳገቱ ሄድኩ። እትዬ ታደለች በር ላይ እንጨት ይፈልጣሉ፤ ክንዳቸው የእኔን ሁለት ያህላል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ፉፋን ነው የምትፈልጊው? ጋዜጠኛ ከሆንሽ ግን መጥረቢያ ይዣለሁ» አሉኝ።

ጓደኛው ነኝ አልኩ።

«ጓደኛ ካለውማ ግቢና ብላ በይው፣ እህል ከቀመሰ አራት ቀኑ ነው።»

ጫልቱ ከስፌት ቤቱ ተባርራለች። ሆን ብላ ጢሟን አሳድጋለች፣ እንዳትታወቅ። ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ማሽንና በአንድ ፍራሽ መሀል ተቀምጣ አገኘኋት። ወሬ ስትፈልግ የነበረ መሰለኝ፤ «ማን ነው ያስገባው ያን አበባ? አግኝቼ ብጠይቀው» አለች።

መዋሸት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ። ቦታውንም የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ማሽኑ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በጣቷ ጠቀለለች።

«ለምን?»

«ብዕርህ ይለያል አለኝ።»

ሳቀች፤ እንዲያ ዓይነት ሳቅ አልሰማሁም። «እኔ ፊቴን ሰጠሁ፣ አንተ ብዕርህን» አለች። ከዚያ «ወደ ቤትህ ሂድ» አለችኝ። አንቱ አላለችኝም።

ከግቢው ስወጣ እትዬ ታደለች ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ። «እሱ ባይደውልም እኔ እደውላለሁ» አሉ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሬድዋንን አገኘኋቸው፣ ሐዋሳ ያሉትን የግሩፑን አንቱ። አጎታቸው የዩኒፎርም ስፌት ቤት አላቸው፤ ሰፊ ጠፍቷቸዋል፣ ማደሪያም አለ። «ማንም ስም አይጠይቅም፣ እጅ ነው የሚጠየቀው» ብለው ጻፉ። በእትዬ ታደለች ስልክ አስነገርኩ። ጫልቱ «ሰኞ እሄዳለሁ» ብላለች። ለእኔ ምንም አላለችም። ልትል አይገባም።

ቀሚሱ መጣ። እንደ ኬክ ነው። ስለ እሱ መጻፍ አልፈልግም።

የካቲት 8፣ እሑድ

ትናንት ሰርጉ ነበር። ቁጭ ብዬ በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ፀጉር ቤት ሳለን እትዬ ታደለች ደወሉ። «የፉፋ ወንድም ዱጋሳ ትናንት ከሀገር ቤት መጥቷል። ፎቶውን አሳይተውት ነው። ስልኩን ይዞበታል፣ በር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ነገ በጠዋት ይወስደዋል። ልጁ እንደ ሞተ ሰው ግድግዳ ያያል። እኔ አሮጊት ምን ላድርግ?» አሉ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ፀጉሬ ላይ አበባ እየሰኩ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ገባን። ፀደንያ «አዎ» አለች፣ ጌድዮንም «አዎ» አለ፣ ለራሱ አሜን ሳይል በመቅረቱ ደነቀኝ። ከዚያ ለፎቶ ወደ እንጦጦ። በሙሽሮቹ መኪና ሾፌሩ፣ ጌድዮን፣ ፀደንያና እኔ፤ ከኋላችን የሚዜዎቹና የዘማሪዎቹ ሚኒባስ። ፈረንሳይ ጋ ስንደርስ ፀደንያ ክንዴን ያዘች።

«ፊትሽ ምን ሆኗል? ሰርግ ነው እኮ፣ ለቅሶ አይደለም።»

ነገርኳት። በሹክሹክታ፣ ሁሉንም፣ የሳቅሁትን ጨምሬ። የራሴን ስም ሳልጠራ ልጨርስ ስል አቋረጠችኝ።

«ለይኩን የሚባለው አንቺ ነሽ አይደል?»

ፀጉሬ ላይ ያለውን አበባ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን የስልክሽ መብራት ዓይኔ ውስጥ ነው፣ ፌቢ። ማንበብ እችላለሁ እኮ።»

«ምንድነው የምታወሩት?» አለ ጌድዮን።

«አንተ ዝም በል» አለችው። በትዳር አርባ ደቂቃ አልሞላቸውም ነበር። ከዚያ ለእኔ፦ «ቤቱ የት ነው?»

አሳየኋት። ዱጋሳ በሩ ላይ ዱላ ይዞ ቆሟል። ቀጭን፣ ረጅም፣ የታከተው ሰው ነው፤ ጭራቅ እጠብቅ ነበር። «አቁም» አለችው ሾፌሩን። ከዚያ እህቴ፣ ስድስት ወር ሙሉ ስለዚያ ቬሎ ያለቀሰች እህቴ፣ ተረከዟን ጫፉ ላይ ተክላ በሁለት እጇ ሳበችው። ጨርቁ ቸርርር አለ።

«ቀሚሱ!» አለ ጌድዮን።

«ተቀደደ» አለች። «ሰፊ ያስፈልጋል።» መስኮቱን አወረደችና በለቅሶ ድምፅ ተጣራች። «ወንድሜ! እዚህ ግቢ ልብስ ሰፊ አለ አሉኝ፣ ሙሽራ ነኝ፣ በሰው ፊት ልዋረድ ነው፣ እባክህ!»

ዱጋሳ ቀሚሱን አየ፣ ዕንባዋን አየ፣ ወደ ግቢው አየ። ከኋላ ሚኒባሱ የቆምነው ለጭፈራ መስሎት ሁሉም ወርደው ማጨብጨብ ጀመሩ። እትዬ ታደለች ከግቢ ወጥተው እልልታውን ለቀቁት። ሙሽራን እምቢ የሚል ሰው የለም። ዱጋሳ ዞሮ ጮኸ።

«ፉፋ! መርፌህን ይዘህ ና! ፈጠን በል!»

ጫልቱ ወጣች። ጢሟ፣ የቆሸሸ ሹራቧ፣ መርፌና ክር በእጇ። ኮክ የመሰለውን ቀሚሴን ከእኔ ጋር አንድ ላይ አየችና ቆመች። እትዬ ታደለች ከኋላ አንድ የታጨቀ ፌስታል እጇ ላይ አደረጉ። «ክሩ እዚህ ውስጥ ነው፣ ክሩን እንዳትረሳ!» የዚያን ያህል ክር ሀገር ያለብሳል። «ግባ፣ መንገድ ላይ እየሰፋህ እንሂድ፣ ረፍዶብናል!» አለች ፀደንያ፣ በሩም ተዘጋ።

ሾፌሩ ሲያዞር ፍየሎች መንገዱን ያዙብን። ያባረራቸው ዱጋሳ ነው። በዱላው አስወገደልን፣ ከዚያ ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ አጨበጨበልን። «ይቅናችሁ!» አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈለግሁ።

ጫልቱ መኪናው ወለል ላይ ተቀምጣ በእርግጥ ሰፋችው። ሁለት ጊዜ ፈትታ ጀመረች፣ ሦስተኛው ላይ ስፌቱ ቀጥ አለ። ጌድዮን ፊቷን አየ፣ ደግሞ አየ፣ አወቃት። መስኮቱን ተመለከተ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ። ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል ወርደን «ያንን ነገር... ላይክ አድርጌው ነበር» አለ።

ጫልቱ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። «እግርዎን ትንሽ ያንሱልኝ፣ ሙሽራው፣ ክሩን ረግጠውታል።»

አነሳ። መገናኛ እስክንደርስ አላወረደውም።

የእንጦጦው ፎቶ ቀረ። ፎቶ አንሺው ከሚኒባሱ እየደወለ ይሰድበናል። መገናኛ ላይ የሐዋሳ አውቶቡስ ወደሚነሳበት ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ሞልቶ ሊወጣ ሲል ጫልቱ ፌስታሏን ይዛ ወረደች። ፀደንያ «የተባረክሽ ሁኚ» አለቻት። ሽ ነው ያለቻት፤ በደንብ ሰምቻለሁ። ጫልቱ ለእሷ ጎንበስ አለች። ወደ እኔ አላየችም። እኔም ከመኪናው አልወረድኩም፤ ቀሚሱ አያስወርድም ነበር ልል ነበር፣ ግን መውረድ እችል ነበር።

ማታ እትዬ ታደለች ደወሉ። ዱጋሳ ጀምበር እስክትጠልቅ በር ላይ ጠብቋል። «ሙሽሮቹ ምሳ ጋብዘውት ይሆናል» እያለ። ሲመሽ ግን ዱላውን ጥሎ ቁጭ አለ፣ አለቀሰም። «በንዴት ነው?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ስሙን ሲጠራ ነበር» አሉኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም የፀደንያን የቀሚስ ጫፍ አደነቁ። ቬሎው ከነስፌቱ የተገዛ መሰላቸው።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ፣ ሱቅ

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አባዬ አጠገቤ በርበሬ ይመዝናል። ወደ ኋላ፣ ጆንያዎቹ መሀል ገባሁ።

«ይሄ ሐዋሳ የሚሉት ሀገር ይሞቃል» አለች፣ ሰላም ሳትል። «ትንኙ ደግሞ ሰው ይመርጣል፣ እኔን ነው የመረጠው። ሬድዋን እዚያ ላይ ሲጽፉ ሽማግሌ ይመስሉ ነበር፣ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው። ትናንት አርባ ሁለት የተማሪ ኮሌታ ሰፋሁ።»

«ስምሽን ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ጫልቱ አልኳቸው። አጎትየው ቀና ብሎ አየኝና "ጫልቱ፣ ኮሌታው ይጥበብ" አለኝ። በቃ። ሌላ አላለም።»

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። ስድስት ዓይነት አዘጋጅቼ ነበር፣ አንዱን ጽፌውም ነበር። ሁሉም ስለ ራሴ ሆኑብኝ።

«ጫልቱ፣ እኔ—»

«ይቅር አላልኩህም» አለች።

«እሺ።»

«ገና ብዙ ጊዜ አልልህም መሰለኝ።»

«እሺ።»

ከወዲያ ማሽን ሲሽከረከር፣ ሰው ሲጣራ ይሰማል። ልትዘጋው ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ ጠበቅሁ።

«እሑድ ዕረፍት ነኝ» አለች። «ከሰዓት በኋላ ደውል።»

ዘጋችው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።